አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማበት መስመር፦ ስዊችዎ በግማሽ የተቆረጠን ፋይበር እንዲያውቅ የማድረጊያ መመሪያ

በጤና ተቋም ካርድ ክፍል መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ሲባል ወረፋ የያዘው ሰው ወይ መብራት ወይ ኢንተርኔት የሄደ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። የኔትወርክ ባለሙያውን የሚያስጨንቀው ሁለቱም እያሉ ሲስተሙ ሲጠፋ ነው። ስዊቹ በርቷል፣ የፖርቱ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ በትእዛዝ ሲጠይቁትም «አፕ» ይላል፤ ዳታው ግን በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ መስመር ራሱን ያጋልጣል፤ ስዊቹ ወዲያው አውቆት መጠባበቂያ መንገድ ካለ ወደዚያ ይዞራል። በግማሽ የተቆረጠው ግን ደህና መስሎ ይቆይና የግቢውን ኔትወርክ በሙሉ ይዞ ሊወድቅ ይችላል።

ይህን የሚከታተል ዘዴ ስዊቾቹ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሲስኮ ዩዲኤልዲ ይለዋል፣ ሁዋዌ ዲኤልዲፒ። ማስነሻው ጥቂት መስመር ትእዛዝ ነው፤ ማንም ይጽፈዋል። ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ ፈረስ ቤት ያለ ስዊች ለሚያስተዳድር ሰው ግን ከትእዛዙ የሚከብደው ጥያቄ «ይህ ፖርት ራሱን ቢዘጋ ማን ሄዶ ይከፍተዋል?» የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የተቃኘው በዚህ ጥያቄ ነው።

ችግሩ ከየት ይመጣል

የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ርዝመቱ በ100 ሜትር ይወሰናል። እንደ ፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወይም እንደ ቡሬው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ ሰፊ ግቢ ሕንፃን ከሕንፃ ለማገናኘት ፋይበር ግድ ይለዋል። በደጋ ዳሞት ወረዳ ዋና ከተማ በፈረስ ቤት ግቢው ጠበብ ያለ ቢሆን እንኳ ሌላ ምክንያት አለ፤ የክረምት መብረቅ። ሁለት ሕንፃዎች በመዳብ ሲያያዙ በአንዱ አጠገብ የወረደ መብረቅ በገመዱ ተጉዞ የሁለቱንም ስዊች ፖርቶች ሊያቃጥል ይችላል። ብረት የሌለበት ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ፋይበሩም የራሱ አመል አለው። አብዛኛው ግንኙነት የሚሠራው በሁለት ኮር ነው፤ በአንዱ ብርሃን ይሄዳል፣ በሌላው ይመጣል። አይጥ አንዱን ቆርጣ ሌላውን ልትተወው ትችላለች። ለውኃ ቧንቧ የሚቆፍር ሰው ኬብሉን ሳይበጥሰው አጥፎት ያልፍና አንዱ ኮር ብቻ ይሰነጠቃል። የአንዱ ኮኔክተር ጫፍ አቧራ ይይዛል። ፋይበሩን ከስዊቹ የሚያገናኘው የኤስኤፍፒ ሞጁል ብርሃን ላኪ ክፍል ደክሞ ተቀባዩ ደህና ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ የሰው እጅ የሚሠራው ነው፤ ፓች ፓነል ላይ አራት ኮሮች ሲሰኩ አንዱ ተሳስቶ፣ የስዊቹ መላኪያ ወደ አንድ ሕንፃ፣ መቀበያው ከሌላ ሕንፃ ይሆናል። ሁሉም መብራቶች ይበራሉ፤ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል።

ዩዲኤልዲ የሚሠራው ስልክ ላይ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» እንደምንባባለው ነው። ያኛው ወገን ድምፄን እየሰማ እኔ የእሱን ካልሰማሁ፣ ወይም እኔ እየሰማሁት እሱ አሁንም «ሃሎ፣ ሃሎ» ካለ፣ መስመሩ አንድ ወገን ብቻ እንደሆነ የሚሰማው ወገን ይረዳል። ስዊቹም በየጊዜው አጭር መልእክት ይልካል፤ በመልእክቱ ውስጥ የራሱን መለያና የፖርቱን ስም፣ ቀጥሎም በዚያ ፖርት ላይ የሰማቸውን ጎረቤቶች ስም ይጽፋል። ከጎረቤቱ በመጣው መልእክት ውስጥ የራሱን ስም ካላገኘ ድምፁ እንዳልደረሰ ያውቃል። የሌላ ሦስተኛ ስዊች ስም ብቻ ካገኘ ደግሞ ኮሮቹ ተጣርሰዋል ማለት ነው። አሠራሩን ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 አርኤፍሲ 5171 በተባለው ሰነድ ለሕዝብ አውጥቶታል፤ ሆኖም በተግባር የሲስኮ ዘዴ እንደሆነ ነው የቀረው።

ለምን ይህን ያህል ይፈራል

አንድ መስመር ብቻ ባለበት ቦታ የግማሽ መቆረጥ ጉዳቱ ያ ሕንፃ ከአገልግሎት መውጣቱ ነው። ሁለት መንገድ ባለበት፣ ማለትም መጠባበቂያ ፋይበር በተዘረጋበት ቦታ ግን ጉዳቱ ሌላ ነው። እዚያ ኔትወርኩ በራሱ ላይ እንዳይዞር የሚጠብቀው ስፓኒንግ ትሪ ነው፤ ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 የፈለሰፈችው ዘዴ። ስፓኒንግ ትሪ ከሁለቱ መንገዶች አንዱን ዘግቶ ያስቀምጣል። የተዘጋው ፖርት ተዘግቶ የሚቆየው ግን ከወዲያኛው ስዊች መልእክት እስከሰማ ድረስ ነው። መስማት ካቆመ «ያኛው ወገን የለም» ብሎ በነባሩ አሠራር 20 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ 15 ሰከንድ ቆይቶ ይከፈታል፤ በድምሩ 50 ሰከንድ። ያኛው ወገን ካለ፣ የተቆረጠውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ፣ ኔትወርኩ ሉፕ ገባ ማለት ነው። ያኔ አንድ ብሮድካስት ማለቂያ በሌለው ሁኔታ እየዞረ ሁሉንም ስዊች ያንቃል። የካርድ ክፍሉም፣ የፋይናንሱም፣ የላቦራቶሪውም ኮምፒውተር አንድ ላይ ይቆማል፤ ችግሩ ግን ያለው ማንም በማያየው አንድ ኮር ላይ ነው።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት መስመሮችዎን ይለዩ

ሁሉም መስመር ዩዲኤልዲ አያስፈልገውም። ከስዊች ወደ ስዊች በቀጥታ፣ በኤስኤፍፒ የተያያዘ ባለ 1 ጊጋቢት ፋይበር አውቶ ኔጎሲየሽኑ ካልጠፋ ብዙውን የግማሽ መቆረጥ ራሱ ይይዘዋል፤ መቀበያው ብርሃን ያጣው ወገን ለላኪው ስለሚያሳውቅ ሁለቱም ፖርቶች ይወርዳሉ። ባለ 10 ጊጋቢቱም ተመሳሳይ ማሳወቂያ አለው። ስለዚህ አንድ ሰው «መስመሩ አልነሳ ስላለኝ» ብሎ «ስፒድ ኖንኔጎሺየት» የሚል ትእዛዝ ፖርቱ ላይ ጽፎ እንደሆነ ይፈትሹ። ካለ፣ ከማንኛውም ዩዲኤልዲ በፊት እሱን ማንሳት ይቀድማል፤ በሁለቱም ጫፍ፣ በአንድ ጊዜ።

እኛ ዘንድ ትልቁ ችግር ሚዲያ ኮንቨርተር ነው። የኤስኤፍፒ ቀዳዳ የሌለው ስዊች ተገዝቶ በአጠገቡ ያቺ ትንሽ ሳጥን ትቀመጣለች፤ ከስዊቹ በመዳብ ትያያዛለች፣ ወደ ውጭ በፋይበር ትወጣለች። ስዊቹ የሚያየው የመዳቡን ግንኙነት ብቻ ነው። ፋይበሩ በግማሽ ቢቆረጥ፣ በሙሉ ቢቆረጥ፣ ወዲያኛው ሕንፃ መብራት ቢጠፋ፣ በመዳቡ በኩል ያለው መብራት በብዙዎቹ ርካሽ ኮንቨርተሮች ላይ በርቶ ይቆያል። ጥሩዎቹ የፋይበሩን መውደቅ ወደ መዳቡ የሚያሳልፉበት ትንሽ ማብሪያ አላቸው፤ ሳጥኑ ላይ «ኤልኤልኤፍ» ወይም «ኤልኤፍፒ» ተብሎ ይጻፋል። የእርስዎ ካለው ያብሩት። ከሌለው ይህ መስመር የዩዲኤልዲ የመጀመሪያ ደንበኛ ነው።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ፈረስ ቤት ያለው ረጅሙ መስመር ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ የቴሌኮሙ ነው፤ በመካከል ብዙ ዕቃ አለ፤ የዩዲኤልዲ መልእክት በዚያ ሁሉ ተሻግሮ ይደርሳል ብለው አይመኑ። ዘዴው የተሠራው ጎን ለጎን ለተያያዙ ሁለት ስዊቾች ነው። ረጅሙን መስመር ራውተሮቹ ላይ በቢኤፍዲ ወይም በተራ የፒንግ ክትትል ይጠብቁት። እዚህ የምናወራው ፈረስ ቤት ግቢ ውስጥ ዋናውን ስዊች ከሌሎቹ ሕንፃዎች ስዊቾች ስለሚያገናኙት መስመሮች ነው።

አሁን ወረቀት ያውጡ። ለእያንዳንዱ መስመር የሁለቱን ጫፍ ስዊች፣ የፖርት ቁጥር፣ የኮሮቹን ቀለም፣ በመካከል ኮንቨርተር መኖር አለመኖሩን፣ እያንዳንዱ ሳጥን ከየትኛው ዩፒኤስ እንደተሰካ ይጻፉ። የመጨረሻው ነገር ለምን እንዳስፈለገ ትንሽ ቆይቶ ይገባዎታል። በተጨማሪ ለእያንዳንዱ መስመር «መጠባበቂያ አለው» ወይም «ብቸኛ ነው» ብለው ይጻፉ።

መጀመሪያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ መለካት

የቆሸሸ ኮኔክተር ላይ ዩዲኤልዲ ማስነሳት በየሳምንቱ ለሚዘጋ ፖርት መመዝገብ ነው። በበጋ የአካባቢው አቧራ የትም ይገባል፤ መሸፈኛ ፕላስቲኩ የጠፋ ኤስኤፍፒ በቀናት ውስጥ ይቆሽሻል። ለፋይበር የተሠራ ማጽጃ እስክሪብቶ ካለዎት በእሱ፣ ከሌለዎት ቃጫ በማይለቅ ጨርቅና በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ጫፉን አንድ አቅጣጫ ይጥረጉ። ጥጥ አይጠቀሙ፤ በአፍዎም እፍ አይበሉበት። የፋይበሩን ጫፍ ወደ ዓይንዎ አያስጠጉ፤ ረጅም ርቀት የሚሄደው ብርሃን 1310 ናኖሜትር ስለሆነ ለዓይን አይታይም፣ ጉዳቱ ግን አለ።

ከዚያ «ሾው ኢንተርፌስስ ትራንሲቨር» የሚለውን ትእዛዝ በሁለቱም ጫፍ ይስጡ። (ትእዛዞቹን እዚህ የማስቀምጣቸው እንደሚነበቡ ነው፤ ኪቦርድ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።) የተለመደው ባለ 1 ጊጋቢት ሲንግል ሞድ ኤልኤክስ ኤስኤፍፒ ከ-9.5 እስከ -3 ዲቢኤም ይልካል፤ መቀበያው እስከ -19 ዲቢኤም ድረስ ይሰማል። ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ በሚሄድ የግቢ መስመር ላይ -17 ካነበቡ መስመሩ ይሠራል፣ ግን ታሟል። ከሁለቱ ጫፍ የተነበቡት ቁጥሮች በጣም ከተራራቁ የግማሽ መቆረጡ መንገድ ላይ ነው። ኮንቨርተር ላለበት መስመር ይህ ትእዛዝ አይሠራም፤ የብርሃን መለኪያ መሣሪያ ከዞኑ ወይም ከሚያውቁት ባለሙያ ይዋሱ።

ሰዓቱን ያስተካክሉ

ትንሽ ነገር ይመስላል። ስዊቹ «02:13 ላይ ፖርቱ ተዘጋ» ብሎ ሲመዘግብ ጥበቃው «መብራት የጠፋው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው» ይላል፤ ሁለቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ወቅት ነው፣ ግን ይህን ለማስታረቅ ስዊቹ ቢያንስ የራሱን ሰዓት ማወቅ አለበት። «ክሎክ ታይምዞን ኢኤቲ 3» ብለው የሰዓት ክልሉን ይስጡት፣ የኤንቲፒ ሰርቨር ያሳዩት፣ መዝገቡንም ወደ አንድ ማእከላዊ ኮምፒውተር እንዲልክ ያድርጉ። ፖርት ሲዘጋ በስዊቹ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ማስነሳት

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። «ኖርማል» የሚባለው ግልጽ ማስረጃ ሲያገኝ ብቻ ፖርቱን ይዘጋል፤ ጎረቤቱ ዝም ካለ ግን «አልታወቀም» ብሎ መዝግቦ ፖርቱን ክፍት ይተወዋል። «አግረሲቭ» የሚባለው ዝምታንም እንደ ጥፋት ይቆጥራል። ቀድሞ ሲሰማው የነበረ ጎረቤት ድምፁ ሲጠፋ በየሰከንዱ አንዴ፣ በድምሩ 8 ጊዜ ይጣራል፤ መልስ ካላገኘ ፖርቱን ይዘጋል።

ብዙ የውጭ መመሪያ «አግረሲቭ ያድርጉት» ብሎ ያልፋል። እኛ አገር እንዲያ ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ምክንያቱ መብራት ነው። ያንን ኮንቨርተር ያስታውሱ። ወዲያኛው ሕንፃ መብራት ሲጠፋ ስዊቹ ይጠፋል፤ በዚህኛው በኩል ያለው ኮንቨርተር ግን በዩፒኤስ በርቶ ስለሚቆይ ዋናው ስዊች ፖርቱን «አፕ» እንደሆነ ያየዋል። ጎረቤቱ ዝም አለ፤ አግረሲቩ 8 ጊዜ ተጣራ፤ ዘጋው። ከሰዓት በኋላ መብራት ይመጣል፣ ያ ሕንፃ ግን አይመጣም፤ ፖርቱ በሰው እጅ እስኪከፈት ተዘግቶ ይቆያል። በቀጥታ በኤስኤፍፒ በተያያዘ መስመር ይህ አይደርስም፤ ብርሃኑ ሲጠፋ ፖርቱ በተፈጥሮው ይወርዳል፣ መብራት ሲመጣም ይነሳል። ወረቀትዎ ላይ ዩፒኤሱን ያስጻፍኩዎት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ይሁን። በቀጥታ በኤስኤፍፒ የተያያዘና መጠባበቂያ ያለው መስመር አግረሲቭ ይሁን። ብቸኛ የሆነ መስመር፣ በተለይ ኮንቨርተር ያለበት፣ ኖርማል ይሁን፤ ሉፕ ሊፈጥር የሚችል ሁለተኛ መንገድ ስለሌለ ፖርቱን በኃይል መዝጋት የሚያተርፈው ነገር የለም። ኮንቨርተርም መጠባበቂያም ያለው መስመር ከሁሉ የሚያስቸግረው ነው፤ እኔ አግረሲቭ አድርጌ ራሱን በራሱ የመክፈቻ ጊዜውን ረዘም ማድረጉን እመርጣለሁ።

ሥራውን ከሩቁ ስዊች ይጀምሩ። ከፍኖተ ሰላም ሆነው የሚሠሩ ከሆነ ማለትም መጀመሪያ ፈረስ ቤት ግቢ ዳር ያለውን የሕንፃ ስዊች፣ ከዚያ የግቢውን ዋና ስዊች። የመጀመሪያው ላይ ተሳስተው ራስዎን ቢቆልፉ እንዳያዝኑ፣ ነባሩ ቅንብር መቀመጡን አረጋግጠው «ሪሎድ ኢን 10» ብለው ይጻፉ፤ ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ ሲነሳ ያልተቀመጠው ቅንብር ይጠፋል። ሁሉም ደህና ከሆነ «ሪሎድ ካንስል» ብለው ያስቁሙት። ይህን መርሳት ግን በቢሮ ሰዓት መሀል ስዊቹን ያስጠፋል፤ አይርሱ።

በሩቁ ስዊች ላይ የመጀመሪያው ትእዛዝ ዩዲኤልዲ ራሱ መሆን የለበትም። «ኮንፊገር ተርሚናል» ብለው ይግቡና መጀመሪያ «ኤረርዲሴብል ሪከቨሪ ኮዝ ዩዲኤልዲ» ይጻፉ። ይህ የተዘጋ ፖርት ጊዜ ጠብቆ ራሱን እንዲከፍት ያደርጋል። ጊዜው ካልተነካ 300 ሰከንድ ነው፤ በ«ኤረርዲሴብል ሪከቨሪ ኢንተርቫል» ይለወጣል። ማንም በአጠገቡ ለሌለ ስዊች ይህ ትእዛዝ የግድ ነው። ሰው ባለበት በዋናው ስዊች ላይ፣ መጠባበቂያ ላለው መስመር ግን 300 ሰከንዱን እንዳለ አይተዉት፤ ጥፋቱ ሳይጠገን በየ5 ደቂቃው ተከፍቶ የሚዘጋ ፖርት ኔትወርኩን በየ5 ደቂቃው ያንገጫግጨዋል። 1 ሰዓት፣ ማለትም 3600 ሰከንድ፣ ይሻላል።

ቀጥሎ ዩዲኤልዲውን ያስነሱ። ለስዊቹ በሙሉ «ዩዲኤልዲ ኢኔብል» ወይም «ዩዲኤልዲ አግረሲቭ» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ የሚነካው የፋይበር ፖርቶችን ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ኮንቨርተር የተሰካበት ፖርት ለስዊቹ የመዳብ ፖርት ነው፤ አጠቃላዩ ትእዛዝ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ፖርቱ ገብተው፣ ለምሳሌ «ኢንተርፌስ ጊጋቢትኢተርኔት 1/0/24» ብለው፣ «ዩዲኤልዲ ፖርት» ብለው ለብቻው ይስጡት። አግረሲቭ ከፈለጉ «ዩዲኤልዲ ፖርት አግረሲቭ»። እኔ አጠቃላዩን ትእዛዝ ትቼ በየፖርቱ መጻፉን እመርጣለሁ፤ ስድስት ወር ቆይቶ ቅንብሩን የሚያነብ ሰው የትኛው መስመር እንደታሰበበት ያውቃል።

በሁለቱም ጫፍ ከጻፉ በኋላ «ሾው ዩዲኤልዲ ኔይበርስ» ይበሉ። የጎረቤቱ ስም ወጥቶ ሁኔታው «ባይዳይሬክሽናል» ካለ ሁለቱ ተሰማምተዋል። «አንኖውን» ካለ አንዱ ጫፍ ላይ አልተነሳም ወይም ኮንቨርተሩ መልእክቱን እያስቀረ ነው። በዚህ ሁኔታ አግረሲቭ ቢሆንም ፖርቱ አይዘጋም፤ ቀድሞ ያልሰማውን ጎረቤት አጣሁ ስለማይል ነው። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ቅንብሩን ያስቀምጡ።

የፍጥነቱ ጉዳይ

መልእክቱ በነባሩ በየ15 ሰከንዱ ይላካል። ዩዲኤልዲ አንድን የግማሽ መቆረጥ ለማወቅ የሚፈጅበት ጊዜ በግምት የዚህ ሁለት ተኩል እጥፍ ሲደመር 4 ሰከንድ ነው፤ ማለትም ወደ 41 ሰከንድ ተኩል። ከነባሩ ስፓኒንግ ትሪ 50 ሰከንድ ያንሳልና ይቀድመዋል። «ዩዲኤልዲ ሜሴጅ ታይም 7» ቢሉት ወደ 21 ሰከንድ ተኩል ይወርዳል።

አሁን ግን አብዛኛው ስዊች የሚሠራው በፈጣኑ ስፓኒንግ ትሪ ነው፤ እሱ ሦስት የ2 ሰከንድ መልእክት ካጣ፣ በ6 ሰከንድ ውስጥ፣ ሐሳቡን ይለውጣል። ዩዲኤልዲ ብቻውን አይደርስለትም። ስለዚህ መጠባበቂያ ባላቸው መስመሮች ላይ «ስፓኒንግትሪ ጋርድ ሉፕ» የሚለውንም ይጨምሩ፤ ይህ ዘብ የተዘጋው ፖርት መልእክት ሲያጣ እንዳይከፈት ይይዘዋል፣ መልእክቱ ሲመለስ ራሱ ይለቀዋል። ሁለቱ አይተካኩም። ሉፕ ጋርድ ከመጀመሪያው ተጣርሶ የተሰካን ኮር አያውቅም፤ ዩዲኤልዲ ያውቃል። ዩዲኤልዲ ደግሞ የወዲያኛው ስዊች ሶፍትዌር ደንግዞ የስፓኒንግ ትሪ መልእክት መላክ ቢያቆም አይረዳውም፤ ሉፕ ጋርድ ይይዘዋል።

ስዊቾቹ አንድ ዓይነት ካልሆኑ

በአንድ ራክ ውስጥ ሲስኮና ሁዋዌ ተደራርበው ማየት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳዎችን የሚያገናኘው የመንግሥት ኔትወርክ፣ ወረዳኔት፣ ሲዘረጋ ወደ ወረዳዎች የገባው የሲስኮ ዕቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በቴሌኮሙ ማስፋፊያ ሁዋዌና ዜድቲኢ ሰፊ ቦታ ያዙ።

ሁለቱም ጫፍ ሁዋዌ ከሆኑ ዲኤልዲፒ ይሠራል። ልዩነቱ ሁለት ጊዜ መነሳቱ ነው፤ አንዴ ለስዊቹ በሙሉ «ዲኤልዲፒ ኢኔብል»፣ አንዴ ደግሞ በፖርቱ ውስጥ። የመልእክቱ ጊዜና የይለፍ ቃሉ በሁለቱም ጫፍ አንድ መሆን አለበት። ውጤቱን በ«ዲስፕሌይ ዲኤልዲፒ» ያዩታል።

አንዱ ሲስኮ ሌላው ሁዋዌ ከሆነ ዩዲኤልዲና ዲኤልዲፒ አይግባቡም፤ ጊዜ አያባክኑ። መስመሩ አንድ ቢሆንም እንኳ በኤልኤሲፒ ጠቅልለው እንደ ጥቅል መስመር ያስነሱት። ኤልኤሲፒ የሁሉም ነው፤ እያንዳንዱ ጫፍ የጎረቤቱን መረጃ መልሶ ስለሚልክ የአንድ ወገን መቆረጥ ፖርቱን ከጥቅሉ ያስወጣዋል። በነባሩ በየ30 ሰከንዱ ልኮ 90 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ፈጣኑን ከመረጡ በየሰከንዱ ልኮ በ3 ሰከንድ ያውቃል። አንዳንድ ኮንቨርተር ግን የኤልኤሲፒን መልእክት ያስቀራል፤ ጠረጴዛ ላይ ሞክረው ይስቀሉት።

መሞከር

ያልተሞከረ ጥበቃ እንዳለ አይቆጠርም። ቢሮ ከተዘጋ በኋላ፣ በሁለቱም ጫፍ ሰው አቁመው፣ በኮንሶል ገመድ ከስዊቹ ጋር ተያይዘው ይሞክሩ። ጥንድ የሆነውን ኮኔክተር ማያያዣ ከፍተው አንዱን ኮር ብቻ ይንቀሉ። በቀጥታ በኤስኤፍፒ በተያያዘ መስመር ሁለቱም ፖርቶች ወዲያው ቢወርዱ አይገረሙ፤ አውቶ ኔጎሲየሽኑ ሥራውን ሠራ። ኮንቨርተር ባለበት መስመር ግን መብራቱ በርቶ ይቆያል፤ ሰዓት ይዘው ይጠብቁ። አግረሲቭ በሆነው ፖርት ላይ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ «ዩዲኤልዲ ፖርት ዲሴብልድ» የሚል መልእክት መውጣት አለበት። ካልወጣ ምናልባት ያንን የመዳብ ፖርት ረስተውታል።

ኮሩን መልሰው ይሰኩና ፖርቱ ራሱ ሲከፈት ይዩ። ከዚያ ሌላ ሙከራ ያድርጉ፤ የወዲያኛውን ስዊች ከመብራት ይንቀሉትና ከ5 ደቂቃ በኋላ ይመልሱት። ሕንፃው ያለ ሰው እርዳታ ከተመለሰ ለክረምቱ ዝግጁ ነዎት።

ፖርቱ ሲዘጋ

የመጀመሪያው ፈተና እጅዎ ወደ «ሻትዳውን» እና «ኖ ሻትዳውን» መሮጡ ነው። ፖርቱ የተዘጋው በምክንያት ነው፤ ሳያዩ መክፈት ሉፑን መጋበዝ ነው። «ሾው ኢንተርፌስስ ስታተስ ኤረርዲሴብልድ» ብለው ምክንያቱ በእርግጥ ዩዲኤልዲ መሆኑን ያረጋግጡ። ሰዓቱን ከመብራት መጥፋት ጋር ያስተያዩ፤ ከገጠመ ጥፋቱ የፋይበሩ ላይሆን ይችላል። ካልገጠመ በቅደም ተከተል ይሂዱ፤ ኮኔክተሩን ያጽዱ፣ ፓች ኮርዱን ይቀይሩ፣ ኤስኤፍፒውን ይቀይሩ፣ ብርሃኑን ይለኩ። ኬብሉን መቆፈር የመጨረሻው ነው። የተዘጉትን ፖርቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመክፈት «ዩዲኤልዲ ሪሴት» ይሠራል።

ዩዲኤልዲ የማይነካውን አንድ ነገር ላስታውስዎ። መስመሩ በሁለቱም ወገን እየሠራ ዳታው እየተበላሸ የሚመጣ ከሆነ ዩዲኤልዲ ምንም አይልም። እሱን የሚያሳይዎ በፖርቱ ላይ የሚቆጠረው የሲአርሲ ስህተት ነው፤ በወር አንዴ ይመልከቱት።

በመጨረሻ ስለ ግዢ። ከላይ ካነበቡት ችግር ግማሹ የሚነሳው ከኮንቨርተሩ ነው፤ መድኃኒቱም ትእዛዝ አይደለም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የእርስዎ ጥያቄ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ፋይናንስ ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት። በስፔሲፊኬሽኑ ላይ እያንዳንዱ ስዊች ቢያንስ 2 የኤስኤፍፒ ቀዳዳ እንዲኖረው፣ ኤስኤፍፒዎቹም አብረው እንዲገዙ፣ ከዩዲኤልዲ ወይም ከዲኤልዲፒ ሌላ ኤልኤሲፒ እንዲችል ያስጽፉ። በጀቱ ካልበቃና ኮንቨርተር መግዛት የግድ ከሆነ፣ የፋይበሩን መውደቅ ወደ መዳቡ የሚያሳልፈውን ብቻ ይቀበሉ፤ ዕቃው ሲገባም ከመፈረምዎ በፊት አንዱን ኮር ነቅለው ይሞክሩት።